የቀጥተኛ መስመር ፋንክሽን፤ ተዳፋቱና መነሻው ምን ይነግሩናል?

በአልጀብራ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀጥተኛ መስመር ፋንክሽን ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። ቀመሩን ብዙዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል፤ በፈተና ጊዜም ቍጥሮቹን በየቦታቸው አግብተን መልሱን እናወጣለን። ይሁን እንጂ መልሱን ያወጣው ተማሪ «ይህ 6 የምትለው ቍጥር የምን ስድስት ነው? ይህስ 30 ከወዴት መጣ?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። ቀመር መያዝና ቀመር ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀመሩን እንደገና ለማስጠናት አይደለም፤ በቀመሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ቍጥሮች እያንዳንዳቸው ስለ ምን እንደሚናገሩ ለማሳየት ነው። ከሰዓትና ከጭነት ዋጋ ተነሥተን፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ወጥተን፣ በመጨረሻ በደጋና በቆላ መካከል ያለው የወባ ወሰን የት ላይ እንደሚያርፍ እንመለከታለን። ማባዣው ሥዕል አጥርቶ ስለማያወጣ አንባቢው እርሳስና ካሬ ካሬ የተሠመረበት ወረቀት ይዞ መስመሮቹን ራሱ እየሠመረ ቢከተል ይሻላል።

1ኛ/ ፋንክሽን ስንል

ሁለት መጠኖች ተያይዘው ሲሄዱ፣ የአንደኛው ዋጋ በታወቀ ቍጥር የሁለተኛው ዋጋ አንድና አንድ ብቻ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ፣ ሁለተኛው የአንደኛው ፋንክሽን ነው ይባላል። ይህም ማሰሪያ በወረቀት ላይ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጥ ከሆነ የቀጥተኛ መስመር ፋንክሽን ይሆናል። አጻጻፉም እንዲህ ነው፤

ለ = ተ × ሀ + መ

በዚህ ውስጥ «ሀ» እኛ የምንመርጠው፣ «ለ» ከእርሱ ተከትሎ የሚመጣው ነው። «ተ» ተዳፋት ነው፤ በትምህርት ቤት ስሎፕ የምንለው ማለት ነው። «መ» ደግሞ መነሻ፣ ማለትም ኢንተርሴፕት ነው። የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህንኑ ዋይ፣ ኤምኤክስ ሲደመር ሲ ብለው ይጽፉታል፤ የአሜሪካኖቹ በሲ ፋንታ ቢ ያደርጋሉ። ፊደሉ ቢለዋወጥም ነገሩ አንድ ነው።

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከጻፈው የዐረብኛ መጽሐፍ ርእስ ነው። እኩልታን በመስመር ሥሎ የማየቱ ዘዴ ግን ብዙ ቈይቶ የመጣ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ጽሑፍ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ አንድን እኩልታ በቍጥርም በዐይንም ለማንበብ ተቻለ።

2ኛ/ መነሻው ብቻ ሲናገር

ሁላችንም ሳናስበው በየቀኑ የምንሠራው አንድ ፋንክሽን አለ። የኛ የጧት 1 ሰዓት በፈረንጅ 7 ነው፤ የኛ 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ነው፤ የኛ የቀን 10 ሰዓት ደግሞ በ24 ሰዓት አቈጣጠር 16 ነው። ስለዚህ የቀኑ ሰዓት ፋንክሽን ይህ ይሆናል፤

የፈረንጅ ሰዓት = 1 × የኛ ሰዓት + 6

ተዳፋቱ 1 ነው፤ ይኸውም የኛ ሰዓት አንድ ሲራመድ የእነርሱም አንድ ይራመዳል ማለት ነው። እኩል ስለሚራመዱ ልዩነታቸው አይሰፋም፣ አይጠብም። ያንን የማይለወጥ ልዩነት የያዘው መነሻው 6 ነው።

የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ሁለት መነሻ አለው። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ፈረንጆች አዲስ ዓመታቸውን እስኪይዙ ድረስ በኛ ዓመት ላይ 7 እንደምራለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ 8 እንደምራለን። በወረቀት ላይ ብንሥላቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች ይወጣሉ። ተዳፋታቸው አንድ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገናኙም። የሁለት መስመሮች ተዳፋት እኩል፣ መነሻቸው ልዩ የሆነ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው።

3ኛ/ ተዳፋቱ ሲናገር

አሁን ወደ ጭነት እንሂድ። ሁለት ባለ መኪናዎች እህል ያመላልሳሉ እንበል። የመጀመሪያው መኪናውን ለማስነሣት ብቻ 400 ብር ይቀበልና ከዚያ በኋላ በኩንታል 50 ብር ያስከፍላል። ሁለተኛው ማስነሻ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በኩንታል 90 ብር ያስከፍላል። ቍጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ዋጋ = 50 × ኩንታል + 400
የሁለተኛው ዋጋ = 90 × ኩንታል

በመጀመሪያው ፋንክሽን 2 ኩንታል 500 ብር፣ 5 ኩንታል 650 ብር፣ 10 ኩንታል 900 ብር ይሆናል። ከ2 ወደ 5 ስንሄድ ዋጋው 150 ይጨምራል፤ 150 ለ3 ሲካፈል 50 ነው። ከ5 ወደ 10 ስንሄድ 250 ይጨምራል፤ 250 ለ5 ሲካፈል እንደገና 50 ነው። ማናቸውንም ሁለት ነጥቦች ብንወስድ የቁሙ ጭማሪ ለአግድሙ ጭማሪ ሲካፈል ያው አንድ ቍጥር ይወጣል። መስመሩን ቀጥተኛ ያሰኘውም ይኸው ነው፤ ተዳፋቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ይጐብጥ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ተዳፋት ባዶ ቍጥር አይደለም፤ መለኪያ አለው። 50 ስንል 50 ብር በአንድ ኩንታል ማለታችን ነው። የመነሻው መለኪያ ግን ብር ብቻ ነው። የሁለቱን መለኪያ ጽፎ የያዘ ተማሪ የቱ ተዳፋት፣ የቱ መነሻ እንደ ሆነ አይምታታበትም።

ሁለተኛ፣ መነሻ ያለው ፋንክሽን በእጥፍ ሲሄድ በእጥፍ አይጨምርም። 5 ኩንታል 650 ብር ስለ ሆነ 10 ኩንታል 1,300 ብር ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው 400 ብር ይበልጥበታል፤ ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ቈጥሮታልና። እጥፉ ለእጥፍ የሚሆነው መነሻው ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ባለ መኪና እንዲህ ያለ ነው።

ሦስተኛ፣ በመነሻው ውድ የመሰለው በስተመጨረሻ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዋጋዎች የሚተካከሉት 50 × ኩንታል + 400 ከ90 × ኩንታል ጋር እኩል ሲሆን፣ ማለትም 10 ኩንታል ላይ ነው። ከ10 በታች ሁለተኛው ይሻላል፤ ከ10 በላይ የመጀመሪያው ይሻላል። ጭነቱ ብዙ በሆነ መጠን ነገሩን የሚወስነው መነሻው ሳይሆን ተዳፋቱ ነው።

4ኛ/ ከሁለት ነጥብ መስመር ማውጣት

እስካሁን ተዳፋቱም መነሻውም ተሰጥተውን ነበር። ተፈጥሮ ግን ቀመሯን ጽፋ አትሰጠንም፤ የምትሰጠን የተለኩ ነጥቦችን ነው።

የጅቡቲ ከተማ በባሕር ጠርዝ ላይ ስለምትገኝ ከፍታዋን ዜሮ እንበል፤ የዓመት አማካይ ሙቀቷ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታውን በሺህ ሜትር ብንቈጥር ሁለቱ ነጥቦች (0፣ 30) እና (2.35፣ 16) ይሆናሉ። ተዳፋቱን እንፈልግ፤

ተዳፋት = (16 − 30) ÷ (2.35 − 0) = −14 ÷ 2.35 = −6 ገደማ

ስለዚህ፤

ሙቀት = 30 − 6 × ከፍታ

የመቀነስ ምልክቱ መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቍልቍል እንደሚወርድ ይናገራል፤ ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል። ስድስቱ «በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ» ማለት ነው። ሠላሳው ደግሞ ከፍታ ዜሮ በሆነበት ቦታ ያለው ሙቀት ነው።

አሁን ቀመሩን እንፈትነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቀመሩ 30 − 11.4 = 18.6 ይለናል። የተለካውም ወደ 19 ይጠጋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ናት፤ ቀመሩ 22.8 ይሰጣል፤ እውነተኛው አማካይ ግን 25 ገደማ ነው። እንግዲህ መስመሩ የጠቅላላውን አካሄድ ይናገራል እንጂ የእያንዳንዱን ከተማ ጠባይ አይናገርም። ነጥቦች በመስመሩ ግራና ቀኝ ይበተናሉ፤ ይህም መስመሩን ከንቱ አያደርገውም።

ተዳፋቱና መነሻው ከልዩ ልዩ ምክንያት የሚመጡ መሆናቸውንም ልብ እንበል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። ተዳፋቱን በብዙው የሚወስነው ይህ የአየር ጠባይ ስለ ሆነ፣ በዓለም የአውሮፕላን ሥራ የተለመደው መለኪያ አየርም በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከኛው 6 እጅግ አይርቅም። መነሻው ግን እዚያ 15 ዲግሪ ነው፤ የኛ 30 ነው። ይህን ያመጣው የምንኖርበት የምድር ክፍል ለፀሐይ ያለው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ የአየርን ጠባይ፣ መነሻው የአገርን አቀማመጥ ይናገራል ብንል ከእውነት አንርቅም።

5ኛ/ መስመሩ የማይደርስበት

ቀመር በወረቀት ላይ ወሰን የለውም፤ በምድር ላይ ግን አለው። ነጥቦቻችን ከባሕር ወለል እስከ 2,350 ሜትር ናቸው። ከዚያ ወጥተን ስንናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚገኘው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። ቀመሩ ለዚያ ቦታ 31 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዚያ የተለካው የዓመት አማካይ ግን ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ወደ ላይም ብንሄድ ቀመሩ በ30,000 ሜትር ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ይሆናል ይለናል። ይህ ሐሰት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ቴስረን ደ ቦር መለኪያ የተሸከሙ ፊኛዎችን ወደ ሰማይ እየለቀቀ እ.ኤ.አ. በ1902 እንዳስታወቀው፣ ከተወሰነ ከፍታ በኋላ ሙቀቱ መውረዱን ያቆማል። በኛ የምድር ክፍል ይህ የሚሆነው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እንዲያውም ሙቀቱ መልሶ ይጨምራል።

ስለዚህ ማንም ሰው መስመር አውጥቶ ሲያሳየን ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ «ነጥቦችህ ከየት እስከ የት ናቸው?» በነጥቦቹ መካከል የሚናገር መስመር ምስክር ነው፤ ከነጥቦቹ ውጭ የሚናገር መስመር ግን ግምት ነው።

6ኛ/ መነሻው ከፍ ሲል

የደጋ ሰው ወደ ቆላ መውረድን የሚፈራው በንዳድ ምክንያት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ምክንያቱ በሳይንስም ተገልጧል። ብርቱውን ወባ የሚያመጣው ጥገኛ ነፍሳት በትንኝዋ ሰውነት ውስጥ ሳይበስል ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም፤ የሚበስልበትም ጊዜ በሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ 12 ቀን ያህል፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን ያህል፣ በ18 ዲግሪ 55 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ትንኝዋ ግን ከጥቂት ሳምንታት በላይ ብዙ ጊዜ አትኖርም። ስለዚህ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን ጥገኛው ሳይበስል ትንኝዋ ትሞታለች፤ ወባውም በዚያው ይቀራል።

ታዲያ 18 ዲግሪ የሚገኘው ስንት ሜትር ላይ ነው? ቀመራችንን እንፍታ፤

18 = 30 − 6 × ከፍታ
6 × ከፍታ = 12
ከፍታ = 2፣ ማለት 2,000 ሜትር

አባቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን አገር ከንዳድ የዳነ አድርገው መስፈራቸው ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ዓመት ከወትሮው አንድ ዲግሪ የሞቀ ቢሆን ምን ይሆናል? የአየር ጠባይ ስላልተለወጠ ተዳፋቱ ያው 6 ነው፤ መነሻው ግን ከ30 ወደ 31 ይነሣል። መስመሩ ሳይዘም ትይዩ ሆኖ ከፍ ይላል። 18 ዲግሪን የሚነካበት ቦታስ?

18 = 31 − 6 × ከፍታ
ከፍታ = 13 ÷ 6 = 2.167፣ ማለት 2,167 ሜትር ገደማ

አንድ ዲግሪ የወባውን ወሰን ወደ 167 ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። ይህ 167 ከ1,000 ÷ 6 የመጣ ነው። የተዳፋቱን ግልባጭ ስንወስድ «በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ» የነበረው «በየዲግሪው 167 ሜትር» ይሆናል። አንድ ቍጥር በሁለት በኩል ሲነበብ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንድ ዲግሪ በሰው ቆዳ ላይ ሲታይ ከቁም ነገር አይገባም፤ በተራራ ጎን ላይ ሲታይ ግን ብዙ መንደር ነው። በዚያ ያለውም ሕዝብ ከዚህ በፊት ወባ ስላልነካው ሰውነቱ በሽታውን የሚቋቋምበት ኀይል የለውም። በቆላው ሰው ላይ ሕመም የሆነው በእርሱ ላይ ሞት ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከላይ ባየነው የዘመን ፋንክሽን ቢቈጠር፣ 1950 ሲደመር 8፣ 1951 ሲደመር 7፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. 1958 ይሆናሉ። ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሲስፋፋ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ታመሙና ወደ 150,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ያ ዓመት ዝናቡም፣ እርጥበቱም፣ ሙቀቱም ከወትሮው ያለፈ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡትን የወባ ሕሙማን መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል።

በእርግጥ ሙቀት ብቻውን ወባ አያመጣም። የቆመ ውሃ፣ የዝናብ ወራት ርዝመት፣ የሰዎች እንቅስቃሴ፣ የትንኝ መከላከያው ሥራ ሁሉ ድርሻ አላቸው። አማካይ ሙቀትም የዓመቱን ሞቃትና ቀዝቃዛ ወራት ይሸፍናል። ስለዚህ 2,000 የሚለውን ቍጥር እንደ አጥር አድርጎ መያዝ አይገባም። መስመሩ የሚሰጠን ትምህርት ግን ጽኑ ነው፤ አጥሩ በቦታው የቆመው መነሻው እስካልተነሣ ድረስ ብቻ ነው። «እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አይደርስብንም» የሚል ሰው ቀመሩን ይዟል፤ በቀመሩ ውስጥ ያለው 30 ሊለወጥ የሚችል ቍጥር መሆኑን ግን አላነበበም።

ስለዚህ ወደፊት ቀጥተኛ መስመር ሲያጋጥመን አራት ጥያቄዎችን በተራ ብንጠይቅ ይበጀናል። የተዳፋቱ መለኪያ ምንድን ነው? መነሻው የምን ዋጋ ነው? መስመሩ የተገኘው ከየት እስከ የት ባሉት ነጥቦች ነው? ከሁለቱ ቍጥሮች የትኛው ሊለወጥ ይችላል? አራቱን የመለሰ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

መልመጃ

1. የፋራናይት ሙቀት = 1.8 × ሴንቲግሬድ + 32 ነው። ተዳፋቱና መነሻው ምን ይናገራሉ? ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ቍጥር የሚያሳዩት መቼ ነው?

2. ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ፋንክሽኑን ጻፉ። በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ባቄላ በደጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ለምን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል?

3. የሙቀቱ መነሻ 32 ቢሆን 18 ዲግሪ የሚገኘው ስንት ሜትር ላይ ነው? መልሱን ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር አስተያዩ።

መልስ፤ 1. ሴንቲግሬድ አንድ ሲጨምር ፋራናይት 1.8 ይጨምራል፤ ሴንቲግሬድ ዜሮ ሲሆን ፋራናይት 32 ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ላይ ይገናኛሉ። 2. የመፍያ ሙቀት = 100 − (ከፍታ በሜትር ÷ 300)፤ 92 ዲግሪ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበትም ከ92 በላይ ስለማይሞቅ ነው። 3. 2,333 ሜትር ገደማ፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ የሚያንሰው በ20 ሜትር ያህል ብቻ ነው።